የአባዬ ክንድ እና የከበደው መሪ

«አባዬ… ቁልፉን ስጠኝ።»

አባትየው የተሰበረውን የፊት መብራት ያያሉ። ከዚያ የተጎረበጠውን የግቢ በር ያያሉ።

ማንም አልተጎዳም። ግን ትልቋ ልጅ እዚያው ቆማ ሁሉንም አይታለች… አባቷ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሲታገሉ፣ መኪናዋ አልታጠፍ ብላ በሩን ስትገጭ።

«ክንዴ ትንሽ ከድቶኝ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው መሬት መሬት ያይ ነበር።

ሰውየው እኮ አርባ ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ይቺ አሮጌ የቤት መኪና የጡረታ ጓደኛቸው ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ሚስታቸውን ወደ ጉልበት ሕክምና የሚያደርሷቸው በእሷ ነው።

ቁልፉን መስጠት ለእሳቸው «ከእንግዲህ ለማንም አልጠቅምም» ብሎ መፈረም ነበር።

ግን ሰጧት… ሳይጨቃጨቁ።

ልጅቷን ያንገበገባት ይሄ ነው። ምነው በተቆጣኝ ኖሮ አለች በልቧ።

የሚገርመው እናትየውም አልተሟገቱላቸውም። ልጃቸውን ወደ ማድቤት ሳብ አድርገው «ተይው ልጄ… እጁ መድከሙን እኔም ካወቅኩ ሰንብቻለሁ» አሏት በሹክሹክታ።

በቃ፣ መኪናዋ እንድትሸጥ ተወሰነ።

ከመሸጧ በፊት ይያት ተብሎ መካኒክ ተጠራ። ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል… ሞተሩን ጆሮውን ደቅኖ ሳያዳምጥ መፍቻ ስለማያነሳ።

ዶክተር አስነስቶ ግቢው ውስጥ ሊያዞራት ሞከረ።

ቆመ።

እጁን አራገፈና እንደገና ሞከረ።

«እህቴ… ይህን መሪ ማን ነው ሲያዞረው የከረመው?»

«አባቴ። ክንዱ ደክሞ ነው እንጂ…»

«ደክሞ?» ዶክተር ሳቁ መጣ። «እኔ ጎረምሳው ግማሽ ዙር አዙሬ ትንፋሽ አጠረኝ። እሳቸው በዚህ መሪ ከተማውን ሲዞሩ ከከረሙ ለትግል ውድድር ይመዝገቡ እንጂ ቤት ምን ያስቀምጣቸዋል?»

ኮፈኑን ከፈተ። የመሪ ዘይት መያዣው ባዶ ነው። ከሥሩ ያለው ፓምፕ ደግሞ ዘይት በዘይት ሆኗል።

«በሽተኛው ተገኘ። መሪውን የሚያቀልለው ይሄ ፓምፕ ነው። እያፈሰሰ ዘይቱን ጨርሷል።»

በረንዳ ላይ የተቀመጡት አባት ብድግ አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሹፌር ሆነው እንዴት ጠፋዎት? ደግሞ እኮ መሪው ሲዞር ያጉረመርማል።»

«ድምፁን ሰምቻለሁ… ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት» አሉ አባት። «እንደሚያፈስም ጠርጥሬ ነበር። በየጠዋቱ ጎንበስ ብዬ ሥሯን አያለሁ። አንድ ጠብታ የለም። መኪናዋ ንጹህ ከሆነች ያረጀሁት እኔ ነኝ አልኩ።»

ዶክተርም ጎንበስ አለ። ግራ ገባው።

«እውነት ነው… ይሄ ሁሉ ዘይት የት ገባ? ሲሚንቶው ጥቁር መሆን ነበረበት። ይሄ እኮ ምግብ ይበላበታል።»



«እኔ ነኝ» አሉ እናትየው ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞሩ።

«እሱ ሳይነሳ እየወጣሁ ሲሚንቶውን በሳሙና አጥበው ነበር። ዘይት ሲጨምር እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚደፋው መስሎኝ… ልጆቹ አይተው እንዳይንቁት ብዬ።»

«ተንበርክከሽ?» አሉ አባት። «በዚያ ጉልበትሽ?»

እናትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

ለካ ሐኪሙ «ሕክምናው ለምን እምቢ አለ?» እያለ ግራ የተጋባበት ጉልበት… ሦስት ወር ሙሉ ማለዳ ማለዳ ሲሚንቶ ላይ ነበር።

አባትም የራሳቸውን ጉድ አወጡ። መታጠቢያ ቤት ዘግተው፣ ቧንቧ ከፍተው፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ ሲያነሱ ሲያወርዱ ከርመዋል። ክንዳቸው እንዲጠነክር… እናትየውም እንዳይሰሙ።

«እኔ ደግሞ ውኃው ለምን ቶሎ ያልቃል እላለሁ» አሉ እናትየው። እንባቸው እየወረደ ይስቁ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ዶክተር አዲስ ፓምፕ ይዞ መጣ። አሮጌውን ፈታ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ዘይት ሞላ። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ ከመሬት አነሳ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ግን ራሱ አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ይምጡ። ውስጡ የቀረው አየር እንዲወጣ መሪውን ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ ቀስ ብሎ የሚያዞርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አባት ገቡ። ደጋግመው አዞሩ። ዶክተር ዘይቱን እያየ «በቃ» አለና መኪናዋን ከክሪኩ አወረደ።

«አሁን ያስነሱና ይሞክሯት።»

እንደለመዱት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሊታገሉ ተዘጋጁ… ከዚያ አንዱን እጅ ለቀቁ። መሪው በአንድ እጅ ዞረ። ወዲያ… ወዲህ።

እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ መሪው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

ልጅቷ በመስኮቱ በኩል አንገታቸውን አቀፈች።

«ይቅር በለኝ አባዬ። ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩህም።»

«እኔስ መቼ ነገርኩሽ ልጄ?»

እናትየው ግን ለወግ ጊዜ አልነበራቸውም። ከጎን ገብተው ተቀምጠዋል። «የቀጠሮዬ ሰዓት እያለፈ ነው፤ ንዳ እንጂ» አሉ።

ዛሬ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ካርቶን ተነጥፏል። ጠብታ ካለ ሁሉም ያየዋል። እናትየውም ሲሚንቶ ማጠብ ተከልክለዋል… ጉልበታቸውም ተሽሏቸዋል።

ወዳጆቼ… እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። እንዲያውም በጣም ይዋደዳሉ። ግን አንዱ ሌላውን እንዳያሳዝን ብሎ የደበቀው ነገር፣ በአንድ ፓምፕ የሚድነውን ችግር ሸፍኖ ሰውየውን ከነነፍሳቸው ሊያስረጃቸው ነበር። የምንወደውን ሰው ጉድለት ከመሸፈናችን በፊት «ምን ሆነሃል?» ብለን እንጠይቀው።

እናንተስ… እንዳይከፋው ብላችሁ ዝም ያላችሁት፣ በኋላ ግን ምነው ቀድሜ በጠየቅኩት ያላችሁት ሰው አለ? ማን ነው? ኮመንት ላይ አጫውቱን።