ሥልጣኔያችን የወደቀበት ዕለት

ምሁሩ በከተማው አዳራሽ ስለ ሥልጣኔ አነሣሥና አወዳደቅ ሲናገሩ፣ ማረሻ በመቀጥቀጥ የሚተዳደር አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር።

«ሐውልት ያቆመ፣ ከአለት ቤተ መቅደስ የፈለፈለ ሕዝብ ለምን ወደኋላ ቀረ?» አሉ ምሁሩ። «ጠላት አይደለም የጣለን። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ቡዳ ነው፣ ይበላናል ብለን መሶባችንን ከዓይኑ የከደንን ዕለት ነው የወደቅነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀጥቃጩ ግን አላጨበጨበም፤ አማተበ። ይህን ቃል ከሰው አፍ ለመስማት ሃምሳ ዓመት ጠብቋል። ወንድ ልጁ ከምሁሩ ሴት ልጅ ከትርሲት ጋር እንደሚዋደድ ያውቃል፤ እስከዚያ ዕለት ግን «ተወው ልጄ፣ ለእኛ አይሰጡም» ነበር የሚለው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሄደ። «አባት ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም፣ ምን ነካህ?» ቢሉት፣ «እኚህን ሰው እጅ ልንሣ» ብሎ እምቢ አለ።

ሲገቡ መሶቡ ተከፍቶ ምሳ ቀርቦ ነበር።

«አማታችሁ ትወዳችኋለች፤ በሉ ቅረቡ!» አሉ ምሁሩ።

«እኛማ የመጣነው ለልጃችን አማት ፍለጋ ነው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ሁሉም ሳቁ።

«እሰየው! የማን ልጅ ነው?»

«የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሰውዬው። «ማረሻ እቀጠቅጣለሁ። በአዳራሹ ያሉትን ሰምቼ ነው የደፈርኩት።»

«አዎ… አዎ፣ ደህና አድርገህ አዳምጠሃል።»

ምሁሩ ፈገግታቸው ሳይጠፋ እጃቸውን ዘረጉ። ቀጥቃጩ ሊጨብጣቸው ጎንበስ አለ።

ምሁሩ ክዳኑን አንሥተው መሶቡን ከደኑት።