የጉልላት ትምባሆ

ዘቡ ሽበሺ ትምባሆውን ለራሱ ያስቀረው በክፋት አልነበረም። የሚሰጠው ሰው ስለሌለ ነው።

ጉልላት ከሌሎች እስረኞች ጋር በላንድሮቨር ተጭኖ ወደ ቱላ አቅጣጫ ከተወሰደ ሰንብቷል። ሲወጣ እጁን ወደ ኋላ ያሰረው ሽበሺ ራሱ ነበር። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ለቤተሰብ እንዳይነገር ታዟልና የቀበሌው እስር ቤት ዘቦች የሟቾቹን ምሳ እንደ ወትሮው ይቀበሉ፣ በልተው ሳህኑን ይመልሱ ነበር። ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው፤ አዋሳ ውስጥ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

የጉልላት ሚስት ታቢታም ምሳ ማመላለሷን አልተወችም። ከሽበሺ በዕድሜ የምትበልጥ ዝምተኛ ሴት ናት። የተጠበሰ ዓሣ በጨርቅ ቋጥራ ከአሞራ ገደል በኩል በእግሯ ትመጣለች። ሌሎቹ ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ሲያማትቡ፣ እሷ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። አንድ ቀን ከምግቡ ጋር አንድ ቆርቆሮ ትምባሆና ፒፓ ለሽበሺ አቀበለችው።

«ለጉልላት ይስጡልኝ፣ ጓድ ሽበሺ። የፋብሪካው ፈረንጅ መሐንዲስ አገር ለቅቆ ሲሄድ የተወው ነው። ቤቱን የማጸዳለት እኔ ነበርኩ።»

ሽበሺ ሲጋራ እንጂ ፒፓ ይዞ አያውቅም። ከዘብ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ሞከረው። ትምባሆው ከመክረሙ ብዛት በጣቶቹ መካከል ዱቄት ሆነ፤ ጢሱም ጉሮሮውን ላጠው። ቢሆንም ፒፓውን በጥርሱ ነክሶ ሲቆም ትልቅ ሰው የሆነ መሰለው።

ታቢታ በሳምንቱ ተመለሰች።

«ደረሰው?»

«ደርሶታል፣ እትዬ።»

«አጨሰው?»

«እንዴታ። ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚያጨሰው። ወዶታል። ደርቋል፣ ጉሮሮ ይፍቃል አለ እንጂ።»

ታቢታ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ያዘች። ሽበሺ ዐይኗን ላለማየት ወደ መንገዱ ዞረ። ምስኪን፣ አለ በልቡ፣ ደስ ብሏት ነው።

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች በመጨረሻ። «አረጥበዋለሁ። ገና ብዙ ቆርቆሮ አለ።»

ቀጥሎ ያመጣችው ለስላሳ፣ ለእሳት እሺ የሚል፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ነበር። ሽበሺ እንዴት እንዳደረገችው ጠየቃት።

«ውሃ ዝም ብሎ አይፈስበትም፣ ይሻግታል። ትሪ ላይ በትኜ ጥቂት ጥቂት አርከፈክፍበትና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ አሳድረዋለሁ። ሲጨብጡት ካልተፈረካከሰ፣ ሲለቁትም ከተፍታታ ደርሷል ማለት ነው። ፈረንጁ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።»

«ትንሽ ይመራል አለ።»

«ውሃው የዕፅ ሥር የተቀቀለበት ነው። መዓዛ እንዲሰጠው ብዬ። ይተው ካለ እተወዋለሁ።»

«አይ፣ አይተው። ለምዶታል።»

ሽበሺም ለመደው። ሳያጨስ መዋል አቃተው። የሚያስጨንቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ታቢታ እውነቱን የሰማች ዕለት ምን ይላታል? ልጇ ከጉልላት ጋር የተወሰደባት የሺ የምትባል ሴት ወሬው ደርሷት በሩ ላይ ተንከባልላ አልቅሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ታቢታ ብቅ ባለች ቁጥር ፊቷን ይመረምራል። ምንም የለም። ያው ዝምታዋ ነው። ስለዚህ መልእክት ይፈጥርላታል። አንዴ ሰላም ብሎዎታል ይላታል፣ አንዴ ጸልዪልኝ ብሏል።

«እጸልያለሁ» ትለዋለች።

ክረምቱ ሲገባ የሽበሺ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የበላው አይረጋለትም፤ ዐይኑም ይጋረዳል። አብሮት ዘብ የሚቆመው ኩማ ወባ ነው አለው። ክሊኒክ ሄዶ የወባ ክኒን ዋጠ፤ አልተሻለውም።

«ከስተዋል፣ ጓድ ሽበሺ» አለችው ታቢታ።

«ወባ ነው፣ እትዬ።»

«ጉልላትስ?»

«እሱ ደህና ነው።»

«ትምባሆው አላለቀበትም?»

«ሊያልቅበት ነው።»

«እንግዲያው ሌላ አመጣለሁ።»

ስትመለስ ሽበሺን በሩ ላይ አጣችው። ኩማ ሽበሺ የተከራያትን ክፍል አሳያትና ወደ ሥራው ሄደ። ሽበሺ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አጥንቱ ወጥቷል፤ ቀና ለማለት ሞክሮ አቃተው። ሊጠይቀው የመጣ ሌላ ሰው አልነበረም። ስላታለላት ሴት ደግነት ሲያስብ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እውነቱን ልንገራት አለና አፉ አልታዘዝ አለው።

ታቢታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቆርቆሮውን ከፍታ ፒፓውን ሞላች፣ በአውራ ጣቷ ጠቅጠቅ አደረገችው።

«እዚያ ያስቀምጡት፣ እትዬ» አለ ሽበሺ በደከመ ድምፅ። «ሲሻለኝ ለጋሼ ጉልላት አደርስለታለሁ።»

ታቢታ ፒፓውን በከንፈሮቹ መካከል አድርጋ ክብሪት ጫረች።

«ያንተ ነው፣ አጭሰው» አለችው። «ጉልላት በዕድሜው ትምባሆ አፉ ገብቶ አያውቅም።»