የአጥናፉ መንተባተብ

ገና በሚመጣው ዘመን ነው አሉ፤ የንግግር ሕክምና ተማሪ የታካሚውን ችግር ለሳምንት ሳይሸከም አይመረቅም። ትርሲት የአጥናፉን መንተባተብ ተዋሰች። ስሙን ለመጥራት ግማሽ ቀን ይፈጅበት የነበረው ሰው፣ ጅብን ከአህያ የሚያስታርቅ ደላላ ወጣው። ሳምንቱ የሚያበቃው ዛሬ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጥቶ መንተባተቡን ካልተረከባት ግን የእሷው ሆኖ ይቀራል።

እናቷ፣ ልጄ ስትጠይቅ እንዳትደክም ብለው ጨውን፣ በርበሬውን፣ ስኳሩን ሳይቀር ከፊቷ ደርድረውላታል።

ደወለችለት።

«አ… አቶ አጥ… አጥ…»

«አይዞሽ እህቴ፣ አትቸኩዪ!» አለ አጥናፉ፣ ማር በሚያስንቅ ድምፅ። «ሲያቋርጡት እንዴት እንደሚያም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ቀስ ብለሽ ጨርሺ። እስኪመሽም ቢሆን እጠብቅሻለሁ።»

ትርሲት ወደ መስኮቱ ዞረች። ፀሐይዋ ተራራው ላይ ግማሽ ሆናለች።