ባትሪውን የሚጠባው

ኤሌክትሪሺያኑ በባትሪውና በነቀለው ገመድ መሃል ያስገባት ትንሽ አምፖል፣ የመኪናው ቁልፍ ባለቤቱ ኪስ ውስጥ እያለ፣ ቦግ ብላ በራች። «ያውልህ! መኪናህ ቆሞም ይጠጣል» አለ። በወር ውስጥ ሦስተኛ ባትሪው ነበርና ባለመኪናው ራሱን ያዘ። ከኋላ ወንበር አልወርድም ያሉት እናቱ መቁጠሪያቸውን እየገፉ «የዚህ የሐርጌሳ ሰው ዓይን እንኳን ባትሪ፣ ግመል ይጥላል ብዬህ ነበር» አሉ።

ኤሌክትሪሺያኑ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይነቅል ጀመር። የመብራቱን ነቀለ፤ የጡሩምባውን ነቀለ፤ አምፖሏ ወይ ፍንክች። የሲጋራ መለኮሻውን ሲነቅል ግን ድርግም አለች። ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ ምንጣፉን ቢገልጥ፣ ከእናትየው እግር ሥር አንዲት ትንሽ ማጫወቻ አገኘ። ፊውዙን መልሶ ጆሮውን ቢያስጠጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቁርኣን ትቀራለች።

«ሆዮ፣ እማዬ! አንቺ ነሽ ያስገባሽው?» አለ ልጃቸው።

«መኪናውን የገዛህ ዕለት። ከዚያ ወዲህ ሌትም ቀንም ጠፍታ አታውቅም።»

«እናቴ፣ ባትሪውን የምትጨርሰው እኮ እሷ ናት» አላቸው ኤሌክትሪሺያኑ ሳቁን እየዋጠ።

«እሷ ባትኖርማ መኪናውስ የት ይገኝ ነበር?»

ሁለቱ ወንዶች ሽቦውን አዩት፤ ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። የማንም እጅ አልተንቀሳቀሰም።

«ወንድሜ» አለ ባለመኪናው በመጨረሻ፣ «ከዚህ ተለቅ ያለ ባትሪ ይኖርሃል?»