ሠላሳ ሰከንድ

ልጅቷ ሜዳው ላይ ስድስተኛውን የልምምድ ዙር እንደጨረሰች ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ያዘች። እናቷ ፊሽካውን ከአፏ አውጥታ ውሃ አቀበለቻት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች መቅጠሪያ የሩጫ ፈተና የሚቀጥለው ሰኞ ነበር፤ ልጅቷ ባለፈው የወደቀችው ሦስት ሰከንድ ዘግይታ ነው። በየዙሩ የእናቷ ፊሽካ እስኪነፋ ሠላሳ ሰከንድ በሙሉ ኃይሏ መሮጥ ነበረባት። የእናቷን መዳፍ ገልጣ የሩጫ ሰዓቱን አየችው። ሃያ አራት ላይ ቆሟል።

«እማዬ! ሁሌም እንዲህ ቀድመሽ ነው የምትነፊው?»

«ትንፋሽሽ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አንጀቴ አልችል አለኝ።»

«ሰኞ የሚነፋው ሰውዬ እኮ አንጀት የለውም!»

እናትየው ሳቋ አመለጣት። የልጇን ግንባር በሻርፗ ጫፍ ጠረገችላት። ከዚያም ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ወደ አጥሩ ግድግዳ ዞረች።

«በይ ሂጂ» አለች።

ከኋላዋ የልጇን ትንፋሽ እየሰማች፣ ፊሽካውን በጥርሷ ነክሳ፣ ሠላሳ እስኪሞላ ጠበቀች።