የግምጃ ቤቱ ሳጥን

በኃይሉ ብቻውን ማውራት ከጀመረ አምስተኛ ወሩ ነው። እብድ እንዳትሉት፤ ሥራው ነው። በ2008 ዓ.ም እንጅባራ ውስጥ በነበረች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ቅዳሜ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ «የሜዳው ዳር» የሚባል የስፖርት ወሬ ያቀርባል።

ድሮ ሁለት ነበሩ። እንየው ይቀልዳል፣ በኃይሉ ያርመዋል፣ አድማጭ ይስቃል። አንድ ቀን እንየው ከዳንግላ ሲመለስ ሚኒባሱ ተገልብጦ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በኃይሉ ጥያቄውንም ራሱ ይጠይቃል፣ መልሱንም ራሱ ይመልሳል።

አንድ ነገር ብቻ አልተነካም። ፕሮግራሙ ሲጀምር ድሮ የተቀዳው የእንየው ድምፅ ይሰማል፦ «በኃይሉ፣ አለህ?» በኃይሉም ወደ ማይኩ ጠጋ ብሎ «አለሁ» ይላል።

ጣቢያው በየከተማው የአስተያየት ሳጥን ሰቅሏል፤ አድማጩም አልሰነፈም። ከጥሊሊ «ከራሱ ጋር ተከራክሮ እንኳ ይሸነፋል» የሚል መጣ። ከአዘና «ብቻውን ይሻላል፤ ያኛው ነፍሱን ይማረውና ሳቅ ያበዛ ነበር» የሚል መጣ። ከዳንግላ አንዱ «ድምፁ እንደ እድር ጥሩንባ ነው፤ ጎል ሲገባ ማን ሞተ ያሰኛል» ብሎ ጻፈ። በኃይሉ ሁሉንም ያነባል፣ ያጥፋል፣ መሳቢያው ውስጥ ይከታል። አይናደድም፣ ደስም አይለውም። ውስጡ መርፌ እንደተወጋ ድድ ደንዝዟል።

ከግምጃ ቤት ከተማ ሳጥን የሚወጣው ግን ለብቻው ነው። ከስድስት ሳምንት ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ደብዳቤ ይመጣል። ስም የለውም። ወረቀቱ ባለ ካሬ፣ ፊደሉ የተንቀጠቀጠ ነው። «ይህ ልጅ ይብቃው። ፕሮግራሙ ይዘጋ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሬሳ አታውጡብን።»

የጣቢያው ኃላፊ ወይዘሮ ያለምወርቅ ስድስተኛውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«በግራ እጁ ነው የጻፈው። ጽሑፉን እንዳናውቅበት።»

«ማን?» አለ በኃይሉ።

«ማን ይሆናል፣ አድማሴ ነዋ! በሙት እንዲህ የሚጨክን ጠላት እንጂ አድማጭ ነው?»

አድማሴ ዜና አንባቢ ነው። የቅዳሜዋን ሰዓት ለዘፈን ምርጫ ስጡኝ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ሚስቱ የግምጃ ቤት ልጅ ናት፤ እሁድ እሁድ አማቶቹ ጋ ይሄዳል። ልጁ ሒሳብ የሚሠራውም ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነው። ቢጠይቁት «እናቴ ትሙት፣ እኔ አይደለሁም!» ብሎ ማለ። ማን ይመነው?

በኃይሉ ሐሙስ ሐሙስ ግምጃ ቤት ይወርዳል። ሳጥኑን ከፍቶ የራሱን ስድብ በራሱ ቦርሳ ይሸከማል። ከዚያ ሳጥኑ ከተሰቀለበት ሻይ ቤት ፊት ለፊት ወዳለው የእንየው እናት ቤት ይሻገራል። ለእማማ ዘውድነሽ፣ በልጃቸው አርባ ዕለት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ድምፁ አይጠፋብዎትም፤ አደራው በእኔ ላይ ነው» ብሎ ቃል ገብቶላቸዋል። ሬዲዮም ገዝቶላቸዋል። ሬዲዮው ነጭ ጨርቅ ለብሶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከበላዩ የእንየው ፎቶና እማማ ድሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያገኙት የምስክር ወረቀት ተሰቅለዋል። አጠገቡ እንየው የቡድኖችን ነጥብ ይሞላባቸው የነበሩት ደብተሮች ተደርድረዋል።

«ባትሪ ልቀይርልዎት እማማ?»

«አላለቀም ልጄ።»

ሦስት ወር ሙሉ አላለቀም። በኃይሉ እንዲህ ያለ የሚበረክት ባትሪ አይቶ አያውቅም።

«የፊታችን ቅዳሜም ይኖራል?» አሉ እንደ ሁልጊዜው።

«ይኖራል። አይስጉ።»

ማዶ የሻይ ቤቱ ድምፅ ማጉያ የጣቢያውን ዘፈን ይለቃል፤ ቃሉ አንድ ሳይቀር እማማ ቤት ውስጥ ይሰማል።

ሰባተኛው ደብዳቤ ሲመጣ ወይዘሮ ያለምወርቅ በኃይሉን ቢሮ ጠሩት።

«እውነቱን ንገረኝ፤ አንተ ራስህ መቀጠል ትፈልጋለህ?»

«ለእኔ ቢሆን ዛሬውኑ ቢዘጋ እገላገላለሁ» አለ። «ያቺን ‹አለህ?› ስሰማ ‹አለሁ› እላለሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳወራሁ አላውቀውም። ግን እናቱስ? የቀረቻቸው ያቺ ድምፅ ናት። እሷን ከቀማኋቸው እኔ ምን ሰው ነኝ?»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፕሮግራሙ እንዲቀጥል፣ የእንየውም ድምፅ ሲጀምርም ሲያበቃም እንዲሰማ ወሰኑ። አድማሴ ከማይክ ተነሥቶ መዝገብ ቤት ገባ። ዕቃውን ሲሰበስብ በኃይሉን ቀና ብሎ አየውና «አንድ ቀን ታፍርብኛለህ» አለው። በኃይሉ ምንም አልተሰማውም።

ሐሙስ እማማ ዘውድነሽ ዘንድ ሲደርስ ገና በሩ ላይ ሆኖ ተናገረ።

«እማማ፣ የምሥራች! ሊያዘጉት ነበር፣ እምቢ አልን። አሁንማ ሁለት ጊዜ ነው የሚሰሙት፤ ሲጀምርም ሲያልቅም። እርስዎ እስካሉ ድረስ አይዘጋም።»

እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ።

«ተባረክ ልጄ» አሉት። በር ድረስ ሸኙት፤ የተሳፈረበት ባጃጅ እስኪታጠፍም ቆመው አዩት።

ከዚያ ገብተው በሩን ዘጉ፤ ከእንየው ደብተሮች አንዱን አንሥተው ከጀርባው አንድ ባለ ካሬ ወረቀት ቀደዱ፤ በሚንቀጠቀጥ እጃቸውም «ይህ ልጅ ይብቃው» ብለው ስምንተኛውን ጀመሩ።