የአድሚን ፈቃድ

ፕሮግራመሩ ከሐዘን ተመልሶ ቢሮ በገባ ዕለት ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም። በቀጥታ ወደ ዘበኛው ጠረጴዛ ሄዶ ፊቱን በቡጢ አለው።

ዘበኛው ዘበኛ አይደለም፤ የድርጅቱ የኮምፒውተር ደኅንነት ኃላፊ ነው። ስሙን ያወጡለት ፕሮግራመሮቹ ናቸው። በየኮምፒውተራቸው እንዳሻቸው የሚያዙበትን የአድሚን ፈቃድ ነጥቆ፣ አንዲት ነገር ለመጫን እንኳ «ፓስወርድ አስገባልን» እያሉ ደጅ እንዲጠኑ አድርጓቸዋል።

ዘበኛው መነጽሩ ተሰብሮ ከነወንበሩ ወደቀ።

«ይበለው!» አለ ሌላው ፕሮግራመር ቀጮ ከወዲያ ጥግ። «እኔን ስንቴ ነው የመለሰኝ!»

«ኧረ ገላግሉ! ሰውዬው ሊሞት ነው!» አለች ጸሐፊዋ።

«ይቅመሳት!» አለ ቀጮ። «የፕሮግራመራችንስ ልጅ ሞታ የለ እንዴ?»

ነገሩን የማያውቅ አልነበረም። ፕሮግራመሩ የሕፃናት ትንፋሽ ሲደክም ለነርስ የሚጮህ የኮምፒውተር ማንቂያ ሠርቶ ነበር። ሌሎቹ ከዘበኛው ጋር በፓስወርድ ሲነታረኩ፣ እሱ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ጨረሰው። የራሱ ኮምፒውተር ላይ ሲሞክረው ማንቂያው ምንም ፓስወርድ ሳይጠይቅ ገና በመጀመሪያው ቢሮውን አናወጠው፤ ሁሉም ጆሯቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያም ማንቂያው በአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኮምፒውተር ላይ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ የገዛ ልጁ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ እዚያው ክፍል ተኛች። በጠራራ ፀሐይ ትንፋሿ ሲደክም፣ ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታ ለሌላ ሕፃን ጨርቅ ትቀይር ነበር። ማንቂያው አልጮኸም። ነርሷ ዘወር ስትል ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን ወጥታ ማንቂያውን ለማስጮህ የአድሚን ፓስወርድ ትጠይቃለች።

አሁን ፕሮግራመሩ የዘበኛው ደረት ላይ ተቀምጧል። አንድ ጥርስ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። የራሱ ጣት ቀጭ ሲል ተሰማ፤ ግን አላቆመም።

«ክፈትልን በቃ!» ጮኸ ቀጮ። «አድሚናችንን መልስ፣ ይተውሃል!»

«እከፍታለሁ!» አለ ዘበኛው ደም እየተፋ። «ለሁላችሁም... ዛሬውኑ... እከፍታለሁ!»

ፕሮግራመሩ በሁለት እጁ አንገቱን አነቀው።

«ለማንም እንዳትከፍት!» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እኔስ ያኔ ማንቂያውን ስሠራ፣ አድሚን ስጠኝ ብዬ እግርህ ላይ ወድቄ ስለምንህ፣ ለምን እሺ አልከኝ?»